ስናፍጩ የእኔ፣ ሳንዱቹ የእሷ

ሕይወትሽን ጻፊ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሕይወቴን አልጽፍም። ባሌ ለምን እንደሄደ፣ ከእኅቴ ጋር በምን እንደተኳረፍን፣ ቤቴን ለማን እንደማወርስ ለማወቅ ይህን ወረቀት ያነሣ አንባቢ ካለ ከአሁኑ ያስቀምጠው። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ሳንዱች ነው። ሳንዱቹ የእኔ ነበር። ስሙ ግን ለሌላ ሴት ተሰጠ፤ እኔም ሰባት ዓመት ዝም አልሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ዝም የምልበት ምክንያት አልቋል።

ያቺ ሌላ ሴት የክፍል ኃላፊዬ ነበረች። በሥራ ላይ ሳለን «እርስዎ» ስላት ኖሬአለሁ። እዚህ ግን ወረቀቱም እስክሪብቶውም የእኔ ስለሆነ «እሷ» እላታለሁ።

ሳንዱቹ የሚሸጥበት ሱቅ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ውስጥ በሚገባ መንገድ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ከፊት ለፊቱ ይገኛል። ሰዉ «ጣሊያን ቤት» ይለዋል፤ ባለቤቱም እውነትም ጣሊያን ነው። ለዋሻ ቁፋሮ ከመጡ ሰዎች ጋር ምግብ አብሳይ ሆኖ መጣ። ዋሻው አለቀ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ እሱ አንዲት የመሸንቲ ሴት አግብቶ ቀረ። አማርኛ ያስተማረችው ሚስቱ አይደለችም፤ ሚስቱ ትዕግሥት የላትም። ያስተማሩት አማቱ ናቸው። ስለዚህ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ደረቱን ፀጉር የወረሰው ጎልማሳ የሚናገረው እንደ ሰባ ዓመት ባልቴት ነው። ሞርታዴላ እየቆረጠ «ውይ ወገቤን» ይላል። መብራት ሲጠፋ «አይ ስምንተኛው ሺ» ብሎ ይተክዛል። አንድ ባጃጅ ነጂ ሳንዱቹን ሳይጨርስ ሊሄድ ሲነሣ፣ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ» እያለ ቁራሹን ይዞ እስከ ባጃጁ ድረስ ሲከተለው በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ሞተር አስነሥቶ ነው ያመለጠው።

ቤቱ ጠባብ ነው። ከጣሪያው ሳላሚ ተንጠልጥሏል፤ ረጅም ሰው ሲገባ በግንባሩ ይገፋዋል። ከባንኮኒው መስታወት ጀርባ ሞርታዴላ፣ ፎርማጆ፣ በዘይትና በአቼቶ የተነከረ ደበርጃን፣ ጨው የጠጣ የወይራ ፍሬ ይደረደራል። ሥጋው ሁሉ የበሬ ነው፣ ራሱ ያዘጋጀዋል። ሚስቱ ገና ከጅምሩ «አሳማ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያው በር እወጣለሁ» አለችው አሉ። እሱም አስቦ አስቦ እሷን መረጠ። ስንት ቀን እንዳሰበ ግን እስከ ዛሬ አይናገርም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰልፉ ከበር ወጥቶ አስፋልቱን ይነካል። የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ባጃጅ ነጂ፣ የኮሌጅ መምህር፣ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ነርስ፣ ሁሉም ሳንዱቹን ይጠብቃል። ከባንኮኒው በላይ ደግሞ ሰሌዳው ተሰቅሏል። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሳንዱቾቹ የሚጠሩት በደንበኞች ነበር። ያውም በስም ሳይሆን በሥራ። ጣሊያኑ «ስም ብጽፍ ሞክሼ ሁሉ ይጣላኛል» ብሎ ነው። ሕጉ አንድ ነበር፤ አንድን ሳንዱች መጀመሪያ ያሰበው ሰው፣ ሳንዱቹ በእሱ ይጠራል። «የዳኛው» ወፍራሙ ነው፤ ሞርታዴላና ፎርማጆ ሦስት ጊዜ ይደራረብበታል። ዳኛው በአንድ ቀን ጨርሰውት አያውቁም፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልለው ለሌላ ቀጠሮ ያሳድሩታል። «የነርሷ» ቀጭን ነው፣ እየሄዱ የሚበሉት። «የጀልባ ነጂው» የተጠበሰ የጣና ዓሣ ከሎሚ ጋር ነው። «የመምህሩ» መካከሉ ላይ ተቆርጦ የሚሰጥ ነው፣ ምክንያቱም መምህሩ ሁልጊዜ ከሌላ መምህር ጋር ነው የሚመጡት።

እንግዲህ ሰሌዳው ላይ መውጣት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚህ ከተማ ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የሚያገኘው አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ጋቢ ነው። ሰሌዳው ላይ የወጣ ግን በየቀኑ ይጠራል።

ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማትም ወቅት፣ ቤቱን የምትገዛው ሚስትዮዋ ናት። በዋዜማው ማታ የሥጋውን መስታወት በነጭ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ የሥጋ መቁረጫውንም ማሽን ታለብሰዋለች። ማሽኑ ነጠላ ተከናንቦ ጥግ ላይ ቆሞ ሲታይ ለማስቀደስ የመጣ ይመስላል። ቢላዎቹም ሁለት ናቸው፤ የጾሙ እጀታው ላይ ሰማያዊ ክር ታስሮበታል። አንድ ጊዜ ባልየው ተሳስቶ በፍስኩ ቢላ የጾም ቲማቲም ቢቆርጥ ቲማቲሙም፣ መክተፊያውም፣ እሱም ለሦስት ቀን ከወጥ ቤት ታገዱ። በዓሣው ጉዳይ ደግሞ ጾም ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር በየሰልፉ ይነሣል። ሚስትዮዋ ይህን የፈታችው በራሷ መንገድ ነው። በጾም ቀን «የጀልባ ነጂው» የሚሸጠው በጓሮ በኩል ባለው መስኮት ብቻ ነው። «ለሚበላው ሕሊናው ያውቃል፣ ለማይበላው ደግሞ አይሸተውም» ትላለች።

ከዚያ ውጭ ለጿሚ የነበረው አንድ ሳንዱች ነው፤ ደበርጃን፣ ቲማቲም፣ አንድ ሁለት ቅጠል። ባለቤት አልነበረውም። ማንም የእኔ ነው ሊለው አልፈለገም። በእሱ አገር ይጣፍጥ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ዝናብ የመታው ጋቢ የመንከስ ያህል ነበር።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበር። እናቴ በሐይቁ ዳር ባለ ደብር የአባቴን ተማሪዎች ስታበላ ደረቁን ነገር የሚያስውጠው ስናፍጭ ብቻ መሆኑን አውቃ ነው የኖረችው። እኔንም አስተማረችኝ። ዘሩ ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይለወሳል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይገባበታል፣ ትንሽ ዘይት ጠብ ይደረግበትና ወዲያው ይከደናል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ይበርዳል፤ ጨዋ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ወደ አፍንጫ ነው የሚሄደው፣ አፍ ጋ አይቆምም።

አንድ ረቡዕ ብልቃጤን በቦርሳዬ ይዤ ሄድሁ። ደበርጃኑን ተቀበልሁ፣ ባንኮኒው ላይ ከፈትሁት፣ ስናፍጬን በደንብ ቀባሁት። ጣሊያኑ አንገቱን አሰገገ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ስናፍጭ።»

«እስኪ ልቅመሰው።»

ልከለክለው ነበር። እሱ ግን ማንኪያውን እንደ እርጎ ሞልቶ ጎረሰው። በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ ከመጣ ጀምሮ ሰው ፊት ተናግሮት የማያውቀውን የአባቱን ቋንቋ በረጅሙ ተናገረ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ባሌን ምን አበላሽው?»

«እኔ አላበላሁትም፣ ራሱ ነው የበላው» አልሁ።

ጣሊያኑ ትንፋሹ ሲመለስ ፊቱን በሽርጡ ጠረገና፣ «አማቴን ይግደላት፣ ይህንማ ሕዝብ ሁሉ ይብላው» አለ።

«እናቴ ምን አደረገችህ?» አለች ሚስቱ። እሱ ግን አልሰማትም፣ ሁለተኛ ማንኪያ ይፈልግ ነበር።

ኃላፊዬ በሰልፉ ከኋላዬ ነበረች። የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «አንቺ ደግሞ ከቤትሽ ዕቃ ይዘሽ ሰው ቤት ትመጫለሽ? ሽታው ራስ ያሳምማል።» ይህን ብላ ባዶውን ደበርጃን ገዝታ ወጣች። ይህን እዚህ የምጽፈው በኋላ የሆነውን ስታነቡ እንድታስቡት ነው።

ብልቃጡን ለሚስትዮዋ ትቼላት ሄድሁ። በማግሥቱ ለንግሥ በዓል ፈቃድ ወጣሁ፤ በጀልባ ወደ ገዳም ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። ስመለስ የሰሌዳው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። «የኃላፊዋ፦ ደበርጃን ከስናፍጭ» ይላል።

የሆነውን የነገረችኝ ሚስትዮዋ ናት። ዓርብ ዕለት ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ኃላፊዬ ለስብሰባው አሥራ ሁለት የጾም ሳንዱች ታዛለች። ጣሊያኑ አዲሱን ነገር ሰው ሁሉ እንዲበላው ስለቸኮለ ሁሉንም ስናፍጭ ቀብቶ ይልካል። እንግዶቹ እያለቀሱ ይበሉታል፣ ጣታቸውን ይልሳሉ፣ ከስብሰባው በኋላ ሱቁ ድረስ መጥተው «ይህ ነገር ምን ይባላል?» ይላሉ። ጣሊያኑ አብራቸው የቆመችውን ኃላፊዬን ያይና «የማን ልበለው?» ይላታል።

«እሷስ ምን አለች?» አልኋት።

«ዝም አለች።»

«ዝም አለች?»

«ዝም አለችና ትንሽ ፈገግ አለች።»

እዚህ ላይ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም የሚል ይኖራል። ምን ብዬ? ሃምሳ ያለፋት ሴት በሳንዱች ተጣላች እንዲባል? ደግሞ እኔ ለምኜ አላውቅም። ሰው የእኔን ነገር የእኔ መሆኑን ራሱ ካላወቀ እኔ አልነግረውም። ይህ ጠባዬ ብዙ አስከፍሎኛል፤ ዝርዝሩን ግን ከላይ እንዳልሁት አልጽፍም።

ስናፍጩን ማቅረብም አልተውሁም። ሚስትዮዋ በየሁለት ሳምንቱ ብልቃጥ ይዛ መሥሪያ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ እንቢ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስናፍጩን ስሰጣት ባዶው ብልቃጥ የወይራ ፍሬ ተሞልቶ ይመለስልኛል። የወይራ ፍሬ አልወድም። ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ ጎረቤቴ ለዶሮዎቿ ሰጠች፣ ዶሮዎቹ ዞር ብለው አላዩትም። መደርደሪያዬ ላይ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ የወይራ ፍሬ አለ።

እሷ በበኩሏ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ወደ ተላላኪዋ ዞር ብላ «የእኔን አምጭልኝ» ትላለች። የእኔን። ሳንዱቹ ሲመጣ በመስኮቱ ፊት ለፊት ትቀመጥና፣ ጣሊያኑ ከማዶ እያያት፣ ቀስ ብላ ትበላለች። በየጉርሻው ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወደ ጣሪያው ታያለች፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። እኔ ከመዝገቦቼ መካከል ሆኜ አያታለሁ። ይህ ሁሉ እኔን ለማናደድ መሆኑን አልተጠራጠርሁም ነበር። በዚያ ላይ አራት ደቂቃ ስዘገይ «ዘግይታለች» ብላ የጻፈችብኝ አለ። የእኔን ወረቀት መብሻ ወስዳ የራሷ ስም የጻፈችበት አለ። እነዚህን ሁሉ መዝግቤያለሁ። ሥራዬ መዝገብ ነው።

ከዚያ ጡረታዋ ደረሰ። የስንብቱ ግብዣ በሁዳዴ ዓርብ ላይ ዋለ። ጿሚው ብዙ ስለሆነ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ «የሚበላው የራሷ ሳንዱች ይሁን፣ መታሰቢያ ነው» አሉ። ስልሳ ታዘዘ። ሚስትዮዋ መጥታ ሁለት ትልልቅ ብልቃጥ ስናፍጭ ጠየቀችኝ።

ለስልሳው ሰው የሚሆነውን በወጉ ሠራሁ፣ ሦስት ቀን አሰነበትሁት። ለእሷ ግን ለብቻ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አዘጋጀሁ። በዚያው ጠዋት የተለወሰ፣ ውሃውን የነፈግሁት፣ ዘይት የሚባል ያላየ። ስለውሰው በመስኮት በኩል ድመት አለፈች፤ አስነጥሳ ተመለሰች። ብልቃጧን ለሚስትዮዋ ስሰጥ «ይቺን ለተሰናባቿ ብቻ ቀቢላት። የክብር ናት» አልኋት። ሆድ ባዶ፣ አፍ በጸሎት፣ እጅ በስናፍጭ። እንዲህ ነበር የጾምሁት።

አዳራሹ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ትጋቷ ተናገሩ። ከዚያ «እስኪ ስምዎ ያረፈበትን ሳንዱች ይቅመሱና ንግግር ያድርጉልን» አሉ። እሷ ቆማ ነከሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ድምፅ ማጉያውን ያዘች።

«ውድ የሥራ ባልደረቦቼ» አለች። ከዚያ በላይ አልሄደችም።

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ቀላ፣ እንባዋ በሁለት ጉንጯ እኩል ወረደ። እኔ ከጥግ ሆኜ ሰዉ ሲስቅባት ልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ። ይልቅስ ከፊት ወንበር አንዲት ሴት «አይ እናቴ» ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። የጥበቃው ሰውዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሃያ ዓመት ሲረግማት የኖረው ሾፌር ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ።

እሷ እጇን በአፏ ፊት ማራገብ ጀመረች። ውሃ ፈልጋ ነው። ሰዉ ግን የስንብት ሰላምታ መስሎት ሁሉም እጁን እያውለበለበ መለሰላት። ይበልጥ አራገበች። ይበልጥ አውለበለቡላት።

ሥራ አስኪያጁ ስሜት የሚባል ነገር የሌላቸው ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ተነሡ። «እንዲህ እንደሚወዱን እኮ አናውቅም ነበር» አሉና የሚያጽናኗት መስሏቸው ከዚያው ከክብሩ ሳንዱች ትልቅ ቁራሽ ቆርሰው አጎረሷት። እንቢ አይባልም፣ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ዋጠችው። እንባዋ እጥፍ ሆነ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከኋላ አንድ ሰው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ።

«እውነት ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁለተኛውን ቆረሱ።

እኔ ያሰብሁት አንድ ንክሻ ነበር። አንድ ንክሻ ለሰባት ዓመት፣ ያ ልክ ነው። ሁለት ጉርሻ ግን በሒሳቤ ውስጥ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛውን «ለሥላሴ» ብለው ሲያነሡ ከጠረጴዛው ላይ የውሃ ጆግ ነጥቄ በሰው መካከል ሮጥሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሮጥ ያየኝ ሰው ስላልነበረ ሁሉም መንገድ ለቀቀልኝ። ግን ሦስተኛው ቀደመኝ።

«ጓደኛዋ ናት» አለ አንዱ። «ተዋት፣ ይሰናበቱ።»

አንገቴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሰዉ ተቃቅፈን የምናለቅስ መስሎት ነበር። በጆሮዬ ያለችው ግን «ውጭ አውጪኝ» ብቻ ነው።

ከአዳራሹ ኋላ ካለው ቧንቧ ስር ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ቆየች። ጆጉንም ሙሉውን ጠጣችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ» አለች።

«ምኑ?»

«ስናፍጩ። ሰባት ዓመት የበላሁትን አላውቀውምን? የዛሬው ሌላ ነው።»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ሁዳዴ ነው። «እኔ ነኝ» አልኋት።

«ለምን?»

«ሳንዱቹ የእኔ ስለሆነ።»

ፊቷን በእጇ አበሰች። «እሱን አውቃለሁ» አለች። «ከኋላሽ ቆሜ አልነበር?»

«ታዲያ ሲጠይቅዎ ለምን ዝም አሉ?»

«ደስ አለኛ። ወንበር አለኝ፣ ማኅተም አለኝ። በእኔ የሚጠራ ነገር ግን ኖሮኝ አያውቅም። ለሁለት ቀን ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጨጓራዬ ጀመረኝ።»

«ጨጓራ?»

«ስናፍጭ አይስማማኝም። ሽታውም ራሴን ያመኛል፣ ያኔም ብዬሻለሁ።»

«ሰባት ዓመት በሉት እኮ።»

«ምን ላድርግ? ሰሌዳው ላይ ያለሁ ሰው የራሴን ሳንዱች አልበላም ልበል? ያ ሰውዬ በመስኮት ቆሞ ያየኛል። አንድ ቀን ግማሹን ብተው መንገድ ተሻግሮ መጥቶ ‹በሞቴ› እያለ አስጨረሰኝ። ሐኪሙ የሚያቃጥል ነገር ተዪ ብሎኝ ነበር። ለሐኪሙም ሰሌዳ ላይ ነኝ ብዬ ነገርሁት።»

«ምን አለ?»

«እሱም ሳንዱቹን እንደሚወደው ነገረኝ።»

ያ ሁሉ ዓይን መጨፈን፣ ያ ሁሉ ወደ ጣሪያ ማየት፣ ሕመም ነበር። ሰባት ዓመት የቀናሁት በጨጓራ በሽተኛ ነው። ልስቅ ነበር፤ እሷ ግን ቀደመችኝ። ስትስቅ ስናፍጩ እንደገና ወደ አፍንጫዋ ወጣና እንደገና አለቀሰች።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ፊቷን እንድታብስበት ነጠላዬን ሰጠኋት፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችውም። ይህም ይጻፍ።

ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። በጥሞና ሰሙኝ። «ስንት ጉርሻ?» አሉኝ። አንድ ንክሻና ሦስት ጉርሻ መሆኑን ነገርኋቸው። አሰቡና፣ «ንክሻው ያንቺ ነው። ጉርሻዎቹ የሥራ አስኪያጁ ናቸው» ብለው አርባ ስግደት ሰጡኝ። ልሄድ ስነሣ ጠሩኝና ሦስት ቀን የሰነበተ ካለኝ ትንሽ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እሷን ጣሊያን ቤት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጡረታ የወጣች ሰው ስለሆነች እንደማንኛውም ሰው ተሰልፋለች። ይህን ማየት ብቻውን ደስ ይላል። ባንኮኒው ጋ ስንደርስ ወደ ሰሌዳው ጠቆመች።

«ያንን አስተካክል» አለችው። «ሳንዱቹ የእሷ ነው።»

ጣሊያኑ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ። «ውይ አፈር ልብላ» አለ። «ምነው ልጄ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ? ምነው አንዲት ቃል?»

«መጀመሪያ በብልቃጥ ይዤ የመጣሁት እኔ አይደለሁም?» አልሁት።

«ነሽ። እኔ ግን ስናፍጩ ያንቺ፣ ሳንዱቹ የእሷ መስሎኝ።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

ሦስታችንም ዞርን። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አላት ባሏ።

«ማን ጠየቀኝ?»

በዚያው ሳምንት ጽሑፍ የሚጽፈው ሰውዬ ቀለሙን ይዞ መጣ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ምን ልጻፍ አለ። ሰልፉ ሁሉ እኔን አየኝ። ሰባት ዓመት የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ ቢሆንም ቀስ ብዬ ስለተናገርሁት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «የመዝገብ ቤቷ» አልሁ። የድሮውን አጠፋ፣ አዲሱን ጻፈ። ሁለተኛው ፊደል ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ነግሬዋለሁ፣ አላስተካከለውም። ኃላፊዬ በዚያ ቀን ፍስክ በጾም አይሆንምና ባዶ ደበርጃን በቲማቲም አዘዘች። ዓይኗን ሳትጨፍን በላች። እየበላች «ይኼ ነገር ለካ ይጣፍጣል» አለች። ጣዕም የማያውቅ ሰው አይታረምም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከሰልፉ መካከል ቆሜ ሰሌዳውን የማነብ እመስል ነበር። ከፊቴ አንድ ባጃጅ ነጂ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«አንድ የመዝገብ ቤቷ» አለ። «ግን ቀንሱልኝ፣ ሴትዮዋ በጣም ታቃጥላለች።»

ጣሊያኑ ማንኪያውን እንደያዘ በልጁ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ዓይኑ ምን ላድርግ ይለኛል።

«አትቀንስለት» አልሁት።

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ፣ ማን እንደሆንሁ አላወቀም። ጣሊያኑ ሞልቶ ቀባለት።